በአራት የተባዛ ልብ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይህን የምለው እየኮራሁ አይደለም፣ እያፈርኩም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማዋለጃ ክፍል የቆመች ሴት ሌላ ምን ልትሆን ኖሯል? ባል በስልክ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል፣ ገና ከአልጋው አልወረደም። ሐኪም "አምስት ደቂቃ" ይላል፣ ሻዩን እያማሰለ ነው። ወላድ "መጣ፣ መጣ" ትላለች፣ ሲታይ የማህፀኗ በር ከአሥሩ ሴንቲ ገና ሦስቱን ነው የተከፈተው። ስለዚህ በዓይኔ ያላየሁትን፣ በእጄ ያልነካሁትን አላምንም። ክፍሉን የማስተዳድረው እኔ ነኝ፤ በሥሬ ያሉት አዋላጆች ከጀርባዬ "ሻለቃ" ይሉኛል። የማላውቅ ይመስላቸዋል።

ጭራሮን ደግሞ ገና በሩን ረግጣ ስትገባ ነው ያላመንኳት።

ጭራሮ ስሟ አይደለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደረቅ ስለሆነች የጽዳት ሠራተኛችን ያወጣችላት ነው። ከሌላ ሆስፒታል ተዛውራ የመጣች አዋላጅ ናት፣ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። አታወራም። ምሳ ስንበላ ጥግ ይዛ ትበላለች፣ ሰው ስናማ አትስቅም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዝም የሚል ሰው ካጋጠመኝ ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥራዋም እንደ እኛ አይደለም። እኛ ወላድን በጀርባዋ አስተኝተን፣ እግሯን ማሳረፊያው ላይ ሰቅለን ነው የምናዋልደው። እሷ ግን "እንዴት ብትሆኚ ይሻልሻል?" ብላ ትጠይቃለች። ተጠይቆ ያውቃል? አንዷ ተንበርክካ፣ አንዷ በጎኗ ተኝታ፣ አንዷ የመስኮቱን ደፍ ጨብጣ ቆማ ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን እኛ በመቀስ ትንሽ እንከፍታለን፤ እንዲህ ተማርን፣ እንዲህ ኖርን። እሷ መቀሱን አታነሳም። "ራሱ ይለጠጣል፣ ጊዜ እንስጠው" ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ ስብሰባ ላይ አፏን ከፈተችና "ወላዷ የምትፈልገው አንድ ሰው አብሯት ይግባ" አለች። እኔ ክፍሉ ገበያ ይሆናል ብዬ ተከራከርኩ። አለቃችን ሌላ ጊዜ እኔን ነበር የሚሰማው። ያን ቀን ግን "ጊዜው የሚጠይቀው ነው" ብሎ ለእሷ ፈረደ። ነገሬን ዋጥኩ። ዋጥኩ እንጂ አልረሳሁም።

ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬ አይባልም፣ አለመዋደድ ነው። የጠረጠርኳት በወረቀቱ ነው።

ምጥ ላይ ያለች ሴት ሁሉ አንድ ወረቀት አላት። የልጁ ልብ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ፣ የማህፀኗ በር ስንት ሴንቲ እንደተከፈተ፣ ምጡ በምን ያህል ጊዜ እንደሚመላለስ በየሰዓቱ ይሞላበታል፤ ልብ እንኳን በየግማሽ ሰዓቱ ነው። እውነቱን ልናገርና በእኛ ክፍል ወረቀቱ ብዙ ጊዜ የሚሞላው ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው። አንዲት አዋላጅ አራት ወላድ ይዛ በየግማሽ ሰዓቱ ጻፊ ብትባል እጇ ስንት ነው? ስለዚህ ሁሉም ሲያልቅ ቁጭ ብለን እናስተካክለዋለን። "ማስተካከል" ነው የምንለው። መዋሸት የሚለውን ቃል ለሌላ ሰው ትተንለታል።

እንግዲህ ስንት ሺህ ወረቀት በእጄ አልፏል። የልጅ ልብ 132 ይላል፣ 136 ይላል፣ 140 ይላል፣ 144። ሞቅ ካለው 148። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ጎረቤቶቼ ነው የማውቃቸው፤ ማለዳ ማለዳ ሰላም የምንባባል ያህል። የጭራሮ ወረቀት ላይ ግን 137። 143። 129። 151። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድም የማውቀው ቁጥር የለበትም ማለት ይቻላል። የልጅ ልብ እንዲህ አይመታም አልኩ። ይህ የተፈጠረ ቁጥር ነው። ሐሰተኛ ምስክር ነገሩ እውነት እንዲመስልለት የሰውየውን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር እንደሚቆጥረው፣ ይቺም ጎዶሎ ጎዶሎውን መርጣ ትጽፋለች።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጣልኩባት።

የጽዳት ሠራተኛችን ነገር ሲሸታት ከእኔ ትቀድማለች። አንድ ጠዋት ወለሉን እየወለወለች ጠጋ አለችኝ። "ሲስተር፣ ያቺ ጭራሮ ኪሷ ውስጥ ትንሽ ደብተር አላት። ወላዷ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፣ ጫር ታደርጋለች፣ መልሳ ትከታለች። እኛን እየጻፈችን ይሆን እንዴ?"

"ምኑን አውቄው" አልኳት። 

ጋውኗን መስቀያው ላይ ሰቅላ እጇን ልትታጠብ ስትገባ ደብተሩን ከኪሷ አወጣሁት። ማፈር ይገባኝ ነበር፣ አላፈርኩም። ገልበጥ ገልበጥ ባደርገው ሰዓትና ቁጥር ብቻ ነው። 4:05፣ 137። 4:35፣ 141። ያው ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን "አልጋው አጠገብ ቆማ ቆጠረች፣ የቆጠረችውን ጻፈች፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ገለበጠች" ይል ነበር። እኔ ግን ሻለቃ ነኝ። ውሸቷን ቀድማ ደብተር ላይ ትለማመደዋለች ማለት ነው አልኩ። ሰው አንዴ ጥርጣሬ ካደረበት ማስረጃ አያጣም።

በዚያው ዕለት ለአለቃችን ደብዳቤ ጻፍኩ። "የክፍላችን ባልደረባ የልብ ምት ቁጥር ከራሷ እየፈጠረች ትመዘግባለች" ይላል። አልላክሁትም። እጅ ከፍንጅ ሳልይዛት አልልከውም ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ታናሽ እህት አለችኝ። በአሥራ አምስት ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ስትሞት አራት ዓመቷ ነበር። ጸጉሯን የጎነጎንኩ፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁ፣ የዳርኳት እኔ ነኝ። እሷ ዛሬ የሰው ጸጉር ትሠራለች፤ እጇ የእኔን ጉንጉን ነው የወረሰው ብዬ እጎርራለሁ። "እትዬ" ነው የምትለኝ። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም በአራተኛው ወር ጨነገፉባት። ሁለቱንም ጊዜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ግን ጸና። ሠላሳ ዘጠኝ ሳምንት ሞላው። ይህ ልጅ እንዴት እንደተጠበቀ አትጠይቁኝ። ደረጃ ስትወርድ እጇን እይዛለሁ፣ ስታስነጥስ እደነግጣለሁ።

እኔ እንደማዋልዳት ለአፍታም ተጠራጥሬ አላውቅም። አንድ ቀን ለምርመራ መጥታ ጫማዋን እያሠርኩላት ሳለ ነው የነገረችኝ።

"እትዬ፣ እንዳትቀየሚኝ።"

"ምን አጠፋሽና?"

"ያቺ ቀጭኗ ታዋልደኝ። አንቺ እህቴ ሁኚልኝ።"

የጫማውን ማሠሪያ እንደያዝኩ ቀረሁ። "እኔ ምን ጎደለኝ? ስንቱን ያዋለድኩ ሰው።"

"ለዚያ እኮ ነው። ባለፈው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አንዷን ወላድ ስትቆጪ ሰማሁሽ። 'ስትፀንሺው አልጮህሽ' ስትያት። እሷማ ምን ትሁን፣ ውጭ የተቀመጥነው እንኳ አንገታችንን ደፋን። እኔን እንዲያ ብትይኝ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "ደግሞ ቶሎ ብለው ኦፕራሲዮን እንዳያደርጉኝ። እሷ አትቸኩልም ይላሉ።"

"እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል" አልኩና ሳቅሁላት።

በሆዴ ግን ደሜ ፈልቷል። ጭራሮ ስብሰባውን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ እህቴን። ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ወላድ አንድ ሰው ይዛ ትግባ ተብሎ የለ? ያ ሰው እኔ ነኛ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ስትቆጥር እቆጥራለሁ፣ ስትጽፍ አያለሁ። የእህቴን ባል "አንተ ደም ስታይ ትወድቃለህ" ብዬ ኮሪደር ላይ አስቀረሁት። ምስኪን፣ አልዋሸሁበትም። ይወድቃል።

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች፣ አምስት ሴንቲ ተከፍታ። ክፍሉን ራሴ አዘጋጀሁት። አዲስ ፕላስቲክ አልጋው ላይ አነጠፍኩ፣ የሕፃን ማሞቂያ መብራቱን አብርቼ ሞከርኩ፣ የመተንፈሻ ፊኛውን ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ አየሁት። ጭራሮ ገባች። እህቴን አቀፈቻት። እኔን "እንደምን አደሩ" አለችኝ፣ ሌላ ቃል የለም።

እህቴ ረፋዱን ሙሉ አልተኛችም። ትንጎራደዳለች፣ ምጡ ሲመጣ የመስኮቱን ደፍ ይዛ ወገቧን ታወዛውዛለች፣ ጭራሮ ከኋላ ወገቧን በመዳፏ ትጫንላታለች። እኔ ጥግ ላይ ወንበር ይዤ እቆጥራለሁ። ጭራሮ በየግማሽ ሰዓቱ ሾጣጣውን የእንጨት ማዳመጫ የእህቴ ሆድ ላይ ትደግናለች፣ ጆሮዋን ትለጥፋለች፣ ዓይኗን የእጅ ሰዓቷ ላይ ትተክላለች። ትቆያለች፣ ትቆያለች፣ እስኪሰለቸኝ። እሷ ስትጨርስ "እስቲ እኔም ልጄን ልስማው" ብዬ እቀበላታለሁ። እንደ ወትሮዬ አሥራ አምስት ሰከንድ እቆጥርና በአራት አባዛለሁ። እሷ 139 ትጽፋለች፣ እኔ 136 አገኛለሁ። እሷ 145፣ እኔ 144። ያቺን ሦስትና ያቺን አንድ ከየት ነው የምታመጣት? ቀኑ ገና ነው።

ሰባት ሰዓት ካሥር ላይ እህቴ ዘጠኝ ሴንቲ ደርሳ ነበር። ጭራሮ ምጡ ከሮ ሲለቅ አዳመጠች፣ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቆየች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ድሮስ መቼ ይለወጣል። እህቴን በግራ ጎኗ አስተኛቻትና ወደ በሩ ጠራችኝ።

"ሲስተር፣ ሐኪሙ ይጠራ። ምጡ ሲለቅ የልጁ ልብ ይወርዳል። መቶ አራት ቆጠርኩ። ለመመለስም ይዘገያል።"

ሐኪሙን በስልክ የምትጠራው የክፍሉ ኃላፊ ናት። ይህን ደንብ ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ አዋላጆቹ በትንሽ በትልቁ እየደወሉ ሰውየውን ስላማረሩት። ስልኩ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

"ቆይ" አልኳትና ማዳመጫውን ወሰድኩ። ምጡ ፈጽሞ እስኪያልፍ፣ ሆዷ እስኪላላ ጠበቅሁ። ምጥ መሃል ሴትዮዋ ትንፈራገጣለች፣ ድምፁም በደንብ አይሰማም፣ ሁላችንም የምንቆጥረው ሲረጋጋ ነው። አሥራ አምስት ሰከንድ። ሠላሳ ሦስት ሆነ። በአራት ሲባዛ መቶ ሠላሳ ሁለት። ጎረቤቴ።

"መቶ ሠላሳ ሁለት ነው። ልጁ ደህና ነው።"

"አሁን ተመልሶ ነው። ምጡ ሲለቅ ነው የሚወርደው።"

"ሰምቼዋለሁ አልኩሽ።"

እህቴ ከአልጋው ቀና አለች። "እትዬ፣ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደለም የኔ ዓለም። ልጅሽ ጎበዝ ነው።"

ያዝኳት አልኩ በሆዴ። በጆሮዬ ሰምቼ፣ በሰዓት ቆጥሬ ያዝኳት። ለምን እንደምታደርገውም የገባኝ መሰለኝ። ለሰው ሁሉ ጊዜ እንስጠው ስትል ከርማ፣ የሻለቃ እህት ስትሆን ጊዜ የት ሄደ? እህቴ እኔን ትታ እሷን ስለመረጠች፣ እኔ ያላየሁትን አይታ አዳነች ልትባል ነው። በሆዷ ጠባሳ የምትከፍልላት ደግሞ እህቴ ናት። አላደርገውም አልኩ። ቃል ገብቼላታለሁ።

ሰባት ሰዓት ካሥራ ዘጠኝ ላይ ጭራሮ እንደገና አዳመጠች። ደብተሯ ላይ ጻፈች። ዘጠና ስምንት።

"ሲስተር፣ እባክዎ ይደውሉ።"

በክንዷ ይዤ ወደ ኮሪደሩ አወጣኋት። የእህቴ ባል ከአግዳሚው ብድግ አለ። "ተቀመጥ" አልኩት፣ ተቀመጠ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩባት።

"ለሌላው ጊዜ እንስጠው ትያለሽ፣ ለእህቴ ሲሆን ቢላዋ?"

"ጊዜ የሚሰጠው ጊዜ ሲኖር ነው።"

"ቁጥርሽን አውቀዋለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ። ከየት እንደምታመጪው ብቻ ነው ያላወቅሁት።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። አልተቆጣችም። ያልኩት አልገባትም። "ከልጁ ልብ ነዋ" አለች።

"እንግዲያ እኔ ስሰማው ለምን የለም?"

አሰበች። ሰዓቷን አየች። "አብረን እንቁጠር። ምጡ ገና ከሮ ሳለ እንጀምርና ሙሉ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። ካልወረደ ዛሬውኑ ያባርሩኝ።"

ያባርሩኝ ስትል ነው የተስማማሁት። ይኸው እውነቱ። ስለ ልጁ ብዬ አይደለም። ደብዳቤው መሳቢያዬ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ማስረጃዋን በራሷ አፍ ልትሰጠኝ ነው።

ተመልሰን ገባን። ሌላ ምጥ እስኪመጣ ጠበቅን። ሲመጣ እህቴ አንሶላውን በጥርሷ ነከሰች። ማዳመጫውን ደግኜ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጭራሮ ሰዓቷን ዓይኔ ፊት ይዛ "ይጀምሩ" አለች። ቆጠርኩ። መጀመሪያ ላይ ይሮጥ ነበር። ምጡ እየላላ ሲሄድ እርምጃው ከበደ። አሥራ አምስት ሰከንድ ላይ በልማድ ቀና ልል ስል "ጆሮዎን አያንሱ" አለችኝ። ቱክ አለ። ዝም። ቱክ። ዝም አለ፣ ረዘመ፣ የሚቀጥለው እስኪመጣ እኔው ትንፋሼን ያዝኩ። ቱክ። ይህን ድምፅ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አልፌው ይሆን? ጆሮዬን ቀድሜ ስላነሳሁ ያልሰማሁት ስንት ነው?

"ደቂቃ" አለች ጭራሮ።

አፌ ላይ የቀረው ቁጥር ዘጠና አንድ ነበር።

ዘጠና አንድ ለአራት አይካፈልም። በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። 132፣ 136፣ 140፣ 144፣ እነዚያ ጎረቤቶቼ የልጆች ልብ አልነበሩም። የእኔው ማባዣ ልጆች ናቸው። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት የሚያባዛ ሰው 137ን በሕልሙም አያገኘውም። 137 የሚገኘው ደቂቃውን እስከ መጨረሻው ለቆመ ብቻ ነው። ውሸታሟን ፍለጋ ሦስት ወር ስባዝን፣ ክፍሉ ውስጥ ቆጥራ የምትጽፍ አንዲት ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ሌባ እናት ልጇን አታምንም።

እህቴ ጮኸች፣ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። አረንጓዴ ነበር፣ ልጁ ሆድ ውስጥ ተጨንቆ ተጸዳድቷል ማለት ነው። ወደ ስልኩ ሮጥኩ። ጠረጴዛዬ ጋ ስደርስ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ሰዓት ከሃያ ስምንት ይላል። ከሰባት ሰዓት ካሥር እስከዚያ አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። ቀንሺ ያለኝ የለም፣ በራሱ መጣ።

ሐኪሙ ፈጥኖ ደረሰ፣ በእሱ አልፈርድም። እህቴን ከወገቧ በታች አደነዘዟት፣ ደረቷ ላይ መጋረጃ ጋረዱ። እኔ ራስጌዋ ቆሜ ግንባሯን ያዝኩ። ልጅቷ ወጣች። ሴት ናት። እርጥብ ጨርቅ ይመስል እጅና እግሯ ተንጠልጥሎ ነበር። ጭራሮ ተቀበለቻትና ማሞቂያው ሥር አስተኝታ ፊኛውን አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጠመች። መጨመቅ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"እትዬ፣ ለምን አታለቅስም?" አለች እህቴ።

የግንባሯን ላብ ጠረግሁላት።

"እትዬ?"

አምስት ደቂቃ ከሞላ በኋላ ሲጥ የምትል ድምፅ መጣች። ልቅሶ አይባልም። ጭራሮ ፊኛውን አነሳች፣ ደገመች፣ አነሳች። ከዚያ ጠቅልላ ሮጣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰደቻት። ሐኪሙ ሆዷን ሰፍቶ ሲጨርስ ጓንቱን እያወለቀ ወደ ጥግ ሳበኝ።

"በሕይወት አለች። ሌላውን ጊዜ ነው የሚነግረን። ብትቀመጥ፣ ብትሄድ፣ ብትናገር እያየን ነው የምናውቀው።" ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። "ሲስተር፣ ወረቀቱን መቼም አስተካክለሽ አምጪልኝ።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንደዚያ ነው የምንነጋገረው።

ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አየሁት። ጭራሮ ከደብተሯ ገልብጣ ጨርሳዋለች። እጅ ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነው።

7:10፣ 104፤ ለኃላፊ ተነገረ። 7:19፣ 98፤ ለኃላፊ በድጋሚ ተነገረ። 7:27፣ 91፤ ኃላፊዋ ቆጠሩ። 7:28፤ ሐኪም ተጠራ።

እስክሪብቶ አነሳሁ። ንጹሕ ነኝ ብዬ አልመጻደቅባችሁም፣ ላስተካክለው ነው ያነሳሁት። አዲስ ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ሞልቷል። 7:10 የሚለውን ቦታ 132 ብሎ መሙላት ነው፣ 7:19 ላይ 136። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሞላዋለሁ። አዲሱን ወረቀት አወጣሁ። የእህቴን ስም ጻፍኩ። ቁጥሩ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። 132 ብዬ ብጽፍ ያ ልብ በዚያች ሰዓት ደህና ነበር ማለት ነው፤ ደህና አልነበረም፣ እየደከመ ሲሄድ በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የጀመርኩት ወረቀት ላይ ራሴን ደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ቀደድኩት። ደብዳቤዬንም አብሬ ቀደድኩ። የጭራሮን ወረቀት ከሥሩ ፈረምኩበትና ለሐኪሙ እንዳለ ሰጠሁት። አየው፣ አየኝ።

ጭራሮን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መስታወት አጠገብ አገኘኋት። ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ አልሄደችም። "ይቅር በይኝ" አልኳት። ቃሉ አፌ ውስጥ ከበደኝ፣ ለባልደረባ ብዬው አላውቅም።

"ለእኔ አይደለም የሚሉት" አለች። ክፋት አልነበረበትም። ልጅቷን እያየች ነው ያለችው።

በነጋታው ረፋዱ ላይ እህቴ ጋ ገባሁ። ለብቻዋ ክፍል አስይዤላታለሁ። ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ጡቷ ሞልቶ ጋውኗን አርጥቦታል። ጸጉሯ ተበታትኗል።

"አየኋት እኮ" አለችኝ ገና ስገባ። "ጣቴን ያዘችኝ። ያዘችኝ ወይስ እኔ ነኝ ያስያዝኳት አላውቅም። እትዬ፣ ደህና ትሆናለች አይደል? አንቺ ታውቂያለሽ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ላበጥራት ማበጠሪያ ይዤ ነበር፣ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"አላውቅም" አልኳት። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው። ሐኪሙ መጠራት የነበረበት ሰባት ሰዓት ካሥር ላይ ነው። የተጠራው ከሃያ ስምንት ላይ ነው። በመካከሉ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።"

አየችኝ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባት ከፊቷ ላይ አየሁት።

"እሷ ነግራሽ ነበር?"

"ነግራኝ ነበር።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ነው የደወልኩት።"

"እኔ ስጠይቅሽ ግን 'ምንም አይደለም፣ ልጅሽ ጎበዝ ነው' አልሽኝ።"

"አዎ።"

"ለምን?"

ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ስለ ኦፕራሲዮኑ ቃል ገብቼልሽ ነበር ማለት ይቻላል፣ ግማሹ እውነት ነው። "አላመንኳትም" አልኩ። "ሌላ ምክንያት የለኝም። አላመንኳትም።"

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማልቀስ ትጀምራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ስታለቅስ እንዴት እንደማባብላት አውቃለሁ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አባብያታለሁ። አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ይሰማል። እጄን ትከሻዋ ላይ ላሳርፍ ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

ፊቷን ሳታዞር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ሲስተር፣ ሲወጡ በሩን ይዝጉልኝ።"

ሌላ ነርስ የገባች መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ማበጠሪያውን ይዤ ተነሳሁ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።